የእለት ተእለት የፈረስ እንክብካቤ፦ የምወዳቸው እቃዎችና ከጠዋት እስከ ማታ የምከተለው አሰራር

ሰላም ነው? ሰሞኑን "ፈረስ ልገዛ ነው፣ ምን ምን እቃ ልግዛለት" የሚለኝ ሰው በዛ። አንዱ ለጋሪ ነው፣ ሌላው ሱሉልታ ወይ እንጦጦ ላይ ሊያከራየው ነው፣ አንዱ ልጅ ደሞ ከአሜሪካ ደውሎ ገጠር ላሉት አባቱ የፈረስ ሻምፖና የጋማ ኮንዲሽነር በሰው እንደላከላቸው በደስታ ነገረኝና የፈረሱን ፎቶ ላከልኝ፣ ፎቶውን ሳየው ፈረሱ ትከሻው አካባቢ ተገጥቧል፣ በልቤ "ወንድሜ ለዚህ ፈረስ ሻምፖ ምን ያደርግለታል" አልኩ። ለሱ በስልክ ያልኩትን ነው እዚህ ዘርዝሬ የምጽፈው።

እኔ ያደግኩት ቢሾፍቱ ጋሪ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ባለጋሪ ነበር፣ አሁን እኔ ሁለት ፈረስ አለኝ፣ ዳማ የምላት ባዝራና ቡላ የምለው ሰንጋ። ቡላ ጋሪ ይጎትታል፣ ዳማ አርጅታለች ግን ልጆቼ ይቀመጡባታል። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፣ ስለዚህ መድኃኒት በተመለከተ የምለው ነገር ሁሉ "ሐኪም ጠይቁ" የሚለው አብሮት አለ ብላችሁ ያዙልኝ። ዋጋ አልጠቅስም፣ ዛሬ ብጽፈው ነገ ይቀየራል።

በነገራችን ላይ ከምጠቅሳቸው እቃዎች አብዛኛው ሰፈራችሁ ካለ ሱቅ፣ ከጎሚስታና ከብየዳ ቤት የሚገኝ ነው።

ጠዋት፣ ሳትነኩት በፊት

መጀመሪያ እቃ አታንሱ። ጋጣው በር ላይ ቆማችሁ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተመልከቱት። የማታው ገለባ አልቋል ወይስ እንዳለ ነው? ፋንድያው ስንት ቦታ ነው፣ እንደ ወትሮው ነው ወይስ ደርቋል ወይስ ቀጥኗል? በአራቱም እግር ቆሟል? ፈረስ የኋላ እግሩን እያቀያየረ ቢያሳርፍ ኖርማል ነው፣ የፊት እግሩን ወደፊት አውጥቶ ካሳረፈ ግን አሞታል ማለት ነው፣ ይሄን አባቴ ነው ያስተማረኝ እና እስካሁን አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።

የፈረሳችሁን ኖርማል ቁጥር ማወቅ አለባችሁ፣ ጤነኛ ሆኖ እያለ ለካችሁ ጻፉት። ያደገና አርፎ የቆመ ፈረስ የሰውነት ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው፣ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16 ነው። ቴርሞሜትር ከፋርማሲ ዲጂታሉን ግዙ፣ የሰው የሚባለው ይሰራል፣ ጫፉ ላይ ክር እሰሩበትና ክሩን በልብስ መቆንጠጫ ጭራው ላይ ያዙት፣ አለበለዚያ ወደ ውስጥ ይገባና ወይ ወድቆ ይረገጥና ሌላ ትገዛላችሁ፣ እኔ ሦስተኛዬ ላይ ነኝ። የልብ ምቱን ከግራ እጁ ክርን ኋላ ደረቱ ላይ መዳፋችሁን ወይ ጆሯችሁን አድርጋችሁ 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 ማባዛት ነው። ድዱን ደሞ በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፣ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝነቱ ካልተመለሰ ውሃ አጥሮታል ወይ ሌላ ነገር አለ።

ይሄን ሁሉ በየቀኑ ለኩ እያልኩ አይደለም። ማየቱን በየቀኑ፣ መለካቱን የሆነ ነገር ስትጠረጥሩ።

ኮቴ

አንድ እቃ ብቻ ግዙ ብትሉኝ የኮቴ መጥረጊያ እላችኋለሁ። የውጪውን ፍለጋ አትድከሙ፣ አሮጌ ካቻቢቴ ይዛችሁ ብየዳ ቤት ሂዱና ጫፉን አግሎ ወደ ጎን እንዲያጥፍላችሁና ስለቱን እንዲያደነዝዘው ንገሩት፣ አለቀ። የኔ ካቻቢቴ ከአባቴ የወረስኩት ነው፣ እጀታው ቢጫ ነበር አሁን ምን ቀለም እንደሆነ አላውቅም።

አሰራሩ እንዲህ ነው፦ ከትከሻው ጎን ወደ ጭራው ዞራችሁ ቁሙ፣ እጃችሁን ከትከሻው ጀምሮ በእግሩ ኋላ ወደታች እያሻሻችሁ ውረዱ፣ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ስትደርሱ ጫን ስታደርጉት ያነሳላችኋል። ድንገት ዘላችሁ እግሩን አትያዙት፣ ማንም ቢሆን ይደነግጣል። ከተረከዝ ወደ ጣት አቅጣጫ ጥረጉ፣ መሀል ላይ የቪ ቅርጽ ያላት ላስቲክ የምትመስል ነገር አለች፣ እሷን አትውጉ፣ ከሁለት ጎኗ ያለው ቦይ ውስጥ ግን ጠጠርና ጭቃ ስለሚጠቀጠቅ በደንብ አውጡት። ከዛ አሽትቱት። አዎ አሽትቱት! ጥቁር ነገር ካለና የበሰበሰ የሚሸት ከሆነ ጋጣው እርጥብ ነው ማለት ነው፣ ክረምት ላይ ይሄ የማይነካው ፈረስ የለም። በብሩሽና በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት፣ ቤታዲን በጥጥ ነክራችሁ ቦዩ ውስጥ አድርጉለት፣ ዋናው መድኃኒት ግን ደረቅ መቆሚያ ነው። ጋጣው ውስጥ ግማሹን ቦታ እንኳን በጠጠርና በአሸዋ ከፍ ብታደርጉለት ለውጡን ታዩታላችሁ።

ብዙ ሰው ኮቴ ላይ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ያብለጨልጫል፣ ያምራል፣ ሌላ ጥቅም የለውም። ቁስል ላይ ማድረጉ ደሞ ጭራሽ ጉዳት ነው።

ኮቴ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያድጋል፣ ስለዚህ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መቆረጥና መስተካከል አለበት፣ ጫማ ያለውም ጫማው ባያልቅም ወልቆ ተስተካክሎ እንደገና ይመታል። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ጥሩ እጅ ያለው ሰው ፈልጉ፣ ጥሩ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ኮቴውን ለጫማው ይሞርዳል ወይስ ጫማውን ለኮቴው ያስተካክላል፣ እሱን እዩ። ኮቴውን እየሞረደ ጫማው ውስጥ የሚከተውን አመስግናችሁ ሸኙት።

ማበጠር፣ እና ለምን ውበት እንዳልሆነ

ድሮ ትልልቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ነበር የሚጠሩት፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። አሁንም አዊ ሄዳችሁ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ብታዩ ፈረሱ ከሰው በላይ ነው ያጌጠው። እኔ ግን ማበጠርን የምወደው ለሌላ ነገር ነው፣ እጃችሁ ሙሉ ሰውነቱን የሚነካበት ብቸኛ ሰዓት እሱ ነው፣ እብጠቱን፣ ትኩሳቱን፣ መዥገሩን፣ ሚስማር የቧጨረውን ሁሉ የምታገኙት ያኔ ነው።

ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ ጎማ። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ የተጣለ ከመነዳሪ ለምኑ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል ቆርጣችሁ ጠርዙን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በመቀስ ቆራርጡት፣ በክብ በክብ እያሻችሁ ጸጉርና አቧራውን ወደ ላይ አውጡት። ፊቱና ከጉልበት በታች ላይ አትጠቀሙበት፣ እዛ አጥንት ነው። ሁለተኛ የልብስ ማጠቢያ ብሩሽ፣ ያ የእንጨት ጀርባ ያለው፣ ጠንከር ያለውን ምረጡ፣ ጎማው ያወጣውን አቧራ በጸጉሩ አቅጣጫ ጠርጎ ያስወግዳል። ሦስተኛ እርጥብ ጨርቅ፣ እንደውም ሁለት፣ አንዱ ለአይንና ለአፍንጫ ሌላው ከጭራ ስር ላለው ቦታ፣ እባካችሁ አታምታቷቸው።

ጋማና ጭራ በጣት ነው የሚፈታው። ማበጠሪያ ጸጉሩን ይነቅለዋል፣ የፈረስ ጭራ ደሞ ተነቅሎ እስኪያድግ አመታት ይፈጃል፣ ጭራ ከሌለው ዝንቡን በምን ይከላከል? ከተቋጠረ ትንሽ ቫዝሊን ወይ የምግብ ዘይት በጣታችሁ አድርጋችሁ ከጫፍ ወደ ላይ ፍቱት። ሻምፖ ከተላከላችሁ ጣሉት አልልም፣ በአመት ሁለቴ ፀሐያማ ቀን ላይ እጠቡበት፣ በየሳምንቱ በሳሙና ማጠብ ግን ቆዳው ላይ ያለውን ቅባት ያወጣዋል። ላብ ካለው ንጹህ ውሃ ብቻ አፍስሱበት።

ገጣባ

ይሄ ነው ዋናው ነገሬ። እኛ ሀገር ፈረስ ላይ ከምታዩት ስቃይ ትልቁ ድርሻ ከእቃው ስር ነው ያለው፣ ኮርቻው ስር፣ የጋሪው ማሰሪያ ስር፣ ልጓሙ ስር። ገጣባ አንዴ ከወጣ በሳምንት አይድንም፣ የዳነ ሲመስላችሁ ትጭኑበታላችሁ፣ ይፈነዳል፣ እንደገና፣ እንደገና። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት ነው ጨዋታው።

ከኮርቻው ወይ ከጋሪው ማሰሪያ ስር ትራስ አድርጋችሁ የምትጠቀሙትን ነገር አሁን ሄዳችሁ እዩት። የማዳበሪያ ጆንያ ነው? አውጡት። ላስቲክ ላብ አይመጥጥም፣ ይፋጃል፣ ያንሸራትታል። ናይለን ገመድ እንደ ቢላ ነው። እኔ የምጠቀመው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነው፣ ያ ሻካራው የሱፍ የሆነው፣ አሮጌ ቢሆን ችግር የለውም፣ አንዱ ብርድ ልብስ አራት ተቆርጦ ሁለት ሁለት ሲደረብ ለሁለት ፈረስ ይበቃል፣ ላብ ይመጥጣል፣ ታጥቦ ይደርቃል። ከላይ በወፍራም አቡጀዲ ሰፍታችሁ ስታበቁ ስፌቱ ገላው ላይ እንዳያርፍ ወደ ውጭ አዙሩት።

ኮርቻ የምታደርጉ ሰዎች ደሞ አንድ ነገር እዩ፣ ኮርቻው ተጭኖ ሰው ተቀምጦበት እያለ አከርካሪው ላይ ብርሃን መታየት አለበት፣ ከፊት ወደ ኋላ በመሀል ክፍተት ካልታየ አጥንቱ ላይ ተቀምጣችኋል። ጋሪ የምትጠምዱ ደሞ የደረቱ ማሰሪያ ቢያንስ አንድ መዳፍ ሙሉ ስፋት ይኑረው፣ ቀጭን ከሆነ ክብደቱ አንድ መስመር ላይ ያርፋል። ጭነት ስትጭኑ ሚዛኑን በእጃችሁ ፈትኑ፦ ፈረሱ ሳይጠመድ ሁለቱን የጋሪ ዘንጎች በአንድ እጅ ከፍ ማድረግ ከቻላችሁ ጥሩ ነው፣ ከከበዳችሁ ክብደቱ ፈረሱ ጀርባ ላይ ነው፣ ጭነቱን ወደ ኋላ ግፉ፣ ዘንጎቹ ወደ ላይ ከተነሱ ደሞ ወደ ፊት።

ልጓሙን በምላሳችሁ ባትሞክሩት እንኳን በጣታችሁ ዳሱት። ከብየዳ ቤት የሚወጣ ልጓም መገጣጠሚያው ላይ የብየዳ ጥርስ ይኖረዋል፣ ሞረድ ወስዳችሁ እስኪለሰልስ ሞርዱት። የአፉን ሁለት ማዕዘን በሳምንት አንዴ ከፍታችሁ ተመልከቱ።

አንዴ ጋሪውን ፈትቼ ትራሱን ሳነሳ ቡላ ጀርባ ላይ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ደረቅ ቦታ አየሁ። ዙሪያው ሁሉ በላብ ረጥቦ እሷ ብቻ ደረቅ ናት። ብዙ ሰው "ደረቅ ነው፣ ጥሩ ነው" ብሎ ያልፋል፣ ግን ተቃራኒው ነው፣ እዛ ቦታ ግፊቱ በዝቶ ላቡ እንኳን መውጣት አልቻለም ማለት ነው። ትራሱን ገልብጬ ስዳብሰው ሱፉ ተጠቅልሎ እንደ ለውዝ የጠነከረ ነገር ሰርቷል። ሦስት ቀን አሳረፍኩት፣ ትራሱን ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት፣ ገጣባ ሳይሆን ቀረ። በየማታው ትራሱን ስታነሱ የላቡን ቅርጽ እዩ፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ምግብ፣ እና የዶሮ መኖ ጉዳይ

መጀመሪያ ክብደቱን እወቁ። ሚዛን አያስፈልግም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር በቂ ነው። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ፣ ከዛ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን ለኩ፣ በሴንቲ ሜትር። የደረት ዙሪያውን በራሱ አባዙት፣ የወጣውን በርዝመቱ አባዙት፣ ለ11,900 አካፍሉት። የቡላ ዙሪያው 140 ነው ርዝመቱ 130 ነው፣ ስናሰላው 214 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለቡላ ከ4 ኪሎ በላይ ነው፣ ዋናው ድርሻ ደሞ ድርቆሽና ገለባ መሆን አለበት። የጤፍ ገለባ አቧራው ያስለዋል፣ ትንሽ ውሃ ርጩበት።

ጥራጥሬ ለሰራተኛ ፈረስ ያስፈልጋል፣ ገብስ ተከክቶ ወይ ተዘፍዝፎ ቢሰጥ ይሻላል። ግን በአንድ ጊዜ ለ100 ኪሎ ክብደት ከግማሽ ኪሎ አይብለጥ፣ የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፣ ማስታወክ ደሞ አይችልም፣ የገባው ነገር ወይ በዛ በኩል ይወጣል ወይ ይፈነዳል። ቀኑን ከፋፍላችሁ ስጡ።

ፉርሽካን በተመለከተ ከብዙ ሰው ጋር እጣላለሁ። ፉርሽካ ጥሩ ነው፣ ግን ፉርሽካና ገለባ ብቻ ለወራት ከሰጣችሁ ፎስፈረሱ በዝቶ ካልሲየሙ ያንስና ሰውነቱ ከራሱ አጥንት ካልሲየም መውሰድ ይጀምራል፣ የፊት አጥንቱ ያብጣል፣ ያነክሳል፣ ሰው "ቡዳ በላው" ይላል። ፉርሽካውን ቀንሱና አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ጨምሩበት፣ ጓሮ ትንሽ ቦታ ካላችሁ ትበቅላለች።

አሁን የዶሮ መኖ። ቢሾፍቱ የዶሮ ከተማ ነች፣ መኖ መሸጫ በየመንገዱ አለ፣ የተረፈ የዶሮ መኖ ሲገኝ "ፕሮቲን ነው" ተብሎ ለፈረስ ይሰጣል። አትስጡ! ለስጋ ዶሮ የሚሰራ መኖ ውስጥ የዶሮን የአንጀት በሽታ ለመከላከል ሞኔንሲን ወይ ሳሊኖማይሲን የሚባሉ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ፣ ዶሮዋን ይጠቅሟታል፣ የፈረስን ልብ ጡንቻ ግን ያጠፉታል። መድኃኒት የለውም። መኖ የምትገዙበት ቤት የዶሮና የከብት መኖ በአንድ አካፋ የሚዝቅ ከሆነ ጥራጥሬውን ከእህል ገበያ ግዙና ራሳችሁ አስከኩ።

ጨው አትርሱ። አሞሌ ካገኛችሁ በገመድ ጋጣው ውስጥ አንጠልጥሉለት፣ ራሱ በልኩ ይልሳል። ካልተገኘ ቡላን ለሚያክል ፈረስ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ የገበታ ጨው ከመኖው ጋር፣ ብዙ ያላበው ቀን ሁለት፣ ውሃ አጠገቡ እስካለ ድረስ።

ውሃ

ይሄ አጭር ነው። ብዙ ስጡት። ከ25 እስከ 40 ሊትር በቀን፣ ሙቀት ላይ ሲሰራ ከዛም በላይ፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ሊጨርስ ይችላል። ቢጫዋን ጀሪካን ጋሪው ስር እሰሯት፣ የሚታጠፍ ባልዲ ከሌላችሁ ሌላ ጀሪካን አንገቱን ቆርጣችሁ ባልዲ አድርጉት፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በሻማ እሳት አለስልሱት አፉን እንዳይቆርጠው። "ላብ ላይ ውሃ ካጠጣኸው ይሞታል" የሚለውን እኔም አምኜ ነው ያደግኩት፣ ግን ልክ አይደለም፣ ላብ ላይ ያለ ፈረስ ውሃ ይፈልጋል፣ አንዴ ሳይሆን ሩብ ባልዲ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ ስጡት። ላብ ላይ የሚያስፈራው እህል ነው።

ይሄን ያወቅኩት በመከራ ነው። የኢሬቻ ሰሞን ነው፣ ሆራ አርሰዲ የሚሄደው ሰው ብዛት ታውቁታላችሁ፣ ቡላ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ዋለ፣ ውሃ እንኳን በደንብ አላጠጣሁትም፣ ማታ ስገባ አዘንኩለትና "ዛሬ ጠግበህ እደር" ብዬ ገብሱን እጥፍ አድርጌ ሰፈርኩለት። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ኮቴው መሬቱን ሲፍቅ ሰማሁ። ስወጣ ላብ አጥምቆታል፣ ሆዱን ዞር ብሎ ያያል፣ ይተኛል ይነሳል። ቁርጠት ነው። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ አንዱ አረቄ እንጋተው አለ፣ አንዱ ኮካ፣ አንዱ ዘይት።

ይሄን አስታውሱ፦ በቁርጠት የተያዘ ፈረስ አፍ ውስጥ ምንም ነገር አታፍስሱ፣ ሳንባው ውስጥ ይገባና ከቁርጠቱ የተረፈውን በሳንባ ምች ይጨርሰዋል። መኖውን ከፊቱ አንሱ፣ መሬት ላይ እየተንከባለለ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ትንሽ አራምዱት፣ ጆሯችሁን ጎኑ ላይ አድርጋችሁ አንጀቱ ይጮህ እንደሆነ ስሙ፣ ዝም ካለ አስቸኳይ ነው፣ ሐኪም ጥሩ። እኔ ልጠራ ስል ስልኬ ቻርጅ ጨርሷል፣ መብራትም የለም።

ቁስልና በሽታ

ትንሽ ቁስል በጨው ውሃ ነው የሚታጠበው፣ ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው። መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙና እየረጫችሁ ቆሻሻውን አውጡ፣ በጥጥ አትፈትጉት። ከዛ ቤታዲን ወይ ጂቪ (ያ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የቁስል መድኃኒት)። ቫዝሊን ቁስሉ ላይ ሳይሆን ከቁስሉ በታች ያለው ጤነኛ ቆዳ ላይ ቀቡት፣ የሚፈሰው ነገር ጸጉሩን እንዳያረግፈው። ኮቴው ስር ሚስማር ከገባ ሐኪም ይየው፣ ቀዳዳው ቢያንስም ፈረስ ለቲታነስ በጣም ስስ ነው።

ከቁስል ጋር የሚያያዝ አንድ በሽታ አለ፣ እኛ ጋ ባለጋሪው ቢቼ ይለዋል። ፈንገስ ነው። እግሩ ወይ ደረቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እባጮች ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ መግል ይወጣል። ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ ሞቅ ያሉ ከተሞች ላይ ይበዛል፣ ቢሾፍቱ ደሞ መሀሉ ላይ ነች። በዝንብ፣ በቁስልና በተዋዋሳችሁት እቃ ይተላለፋል። ስለዚህ ትራስና ማሰሪያ አትዋዋሱ፣ ጓደኛም ቢሆን፣ ወንድምም ቢሆን። አንዷን እባጭ እንዳያችሁ ወደ ሐኪም፣ መጀመሪያ ላይ ከተያዘ ነው ተስፋ ያለው። በጋለ ብረት መተኮስ አዲስ ቁስል ከመጨመር ውጪ ምንም አይሰራም።

ክረምቱ ሲወጣ ደሞ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ይመጣል፣ በጣም ትንንሽ ተናካሽ ነፍሳት ናቸው የሚያስተላልፉት። ከአይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል፣ ትንፋሹ ይቸገራል፣ ከአፍንጫው አረፋ ይወጣል፣ እዛ ከደረሰ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ በየአመቱ ከወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ጽ/ቤት ጠይቁ። ነፍሳቱ ከምሽት እስከ ንጋት ስለሚበዙ ያን ሰዓት ጋጣ ውስጥ አስገቡት።

ሁለት ነገር ልጨምር፦ ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን ራሳችሁ ፈረስ ላይ አትውጉ፣ የተወጋበት ቦታ ሊመረዝ ይችላል፣ የትል መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ በአፍ ነው። ሁለተኛ፣ ድንገት ጠባዩ የተለወጠ፣ የሚናከስ ወይ መዋጥ ያቃተው ፈረስ አፍ ውስጥ እጃችሁን አትክተቱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ፈረስንም ይይዛል።

ቢሾፍቱ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ነው፣ ስፓና የሚባለው የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅትም ለጋሪ ፈረስና ለአህያ በነጻ ሲያክም የቆየ ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁ ፈረሱ ሳይታመም በፊት ሐኪሙን ተዋወቁት።

ሳጥኗ

የኔ የሚስማር ሳጥን ነበረች፣ የእንጨት። ውስጧ ካቻቢቴው፣ የከመነዳሪው ጎማ፣ ብሩሹ፣ ሁለቱ ጨርቆች፣ ቴርሞሜትር ከነክሩ፣ ሲሪንጅ፣ ጨው በብልቃጥ፣ ቤታዲን፣ ጂቪ፣ ቫዝሊን፣ ንጹህ ጥጥና ፋሻ፣ መቀስ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ትርፍ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ። በልጆች እጅ የማይደረስበት ቦታ አስቀምጧት።

ያን የቁርጠት ሌሊት የሐኪሙን ቁጥር ፍለጋ ሦስት ቤት አንኳኳሁ፣ ሦስተኛው ቤት ያሉት እትዬ፣ ላማቸው ታማ ስለነበር፣ ቁጥሩን ግድግዳ ላይ በከሰል ጽፈውት አገኘሁ፣ ሐኪሙ 8 ሰዓት ላይ ደርሶ በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶለት ሲነጋ ቡላ ፋንድያ ጣለ፣ በፋንድያ እንደዛ ተደስቼ አላውቅም። አሁን ቁጥሩ የሳጥኗ ክዳን ውስጥ በማርከር ተጽፏል፣ ከስሩ የቡላና የዳማ ክብደት፣ ሙቀትና የልብ ምት አለ፣ ሐኪሙ በስልክ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ።